ከዱር የተያዘ ካርዲናል ቴትራ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ይገዛል?

ካርዲናል ቴትራ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያለው ትንሽ የአኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) ዓሣ ነው። መልሱን ከመጀመሪያው እንናገረው። ኮምቦልቻ ላይ ቆየት ያለና የረጋ አኳሪየም ላለው ሰው ይገዛል። ደሴ ላይ ሁለት ሂተር (የውሃ ማሞቂያ)፣ ኤር ፓምፕ (ውሃ ውስጥ አየር መንፊያ) እና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ላለው ይገዛል። ጎልድፊሽ ወይም ሞሊ ያለበት ገንዳ ላይ ለውበት ልጨምረው ያለ ሰው ግን ብሩን ቢይዝ ይሻለዋል።

ዓሣው «ስስ ነው፣ አይበረክትም» የሚል ስም ወጥቶለታል። አይገባውም። አብዛኛው የሚሞተው በጉዞው ድካምና መጨረሻ ላይ በሚቀበለው ውሃ ነው። በደንብ የተቀበሉት ካርዲናል አራት አምስት ዓመት ይኖራል፤ በተወለደበት ወንዝ ግን አብዛኛው ከዓመት ብዙም አያልፍም፣ ውሃው ሲጎድል ኩሬ ውስጥ ቀርቶ ያልቃል ወይም ይበላል።

ወንዙ ብራዚል ውስጥ ያለው ሪዮ ኔግሮ ነው። ውሃው በረገፈ ቅጠል እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ማዕድን የለበትም ለማለት የሚያስደፍር፣ ፒኤቹም (የአሲድነት ልኬቱ፤ ከ7 በታች አሲዳማ ነው) ከ4 እስከ 5 ገደማ ነው። በባርሴሎስ ከተማ ዙሪያ ያሉ አስጋሪዎች በታንኳ ወደ ጎርፍ ደኑ ገብተው በእጅ መረብና በወጥመድ ይይዙታል። ፕሮጀክት ፒያባ የሚባለው እንቅስቃሴ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው ይህንን ነው፦ ከትንሹ ዓሣ እንጀራውን የሚያገኝ ቤተሰብ ደኑ እንዲቆምለት ይፈልጋል። ስለዚህ «ከዱር የተያዘ» የሚለው ቃል ገዢን ሊያሳፍር አይገባም። የሚያሳፍረው ያን ያህል መንገድ የመጣን ዓሣ በሳምንት ውስጥ መጨረስ ነው።

ከዚያ ውሃ መምጣቱ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ሰውነቱ ማዕድን በሌለው ውሃ ጨውን አጥብቆ መያዝን የለመደ ነው፤ በአንድ ጊዜ ማዕድን የበዛበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ኩላሊቱና ስንጥቡ ይጨነቃሉ። ሁለተኛ፣ አሲዳማው ጥቁር ውሃ ባክቴሪያ አይበዛበትም፤ ተራ የገንዳ ባክቴሪያ ሳይቀር ለደከመ ካርዲናል አደገኛ ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመነጭ ነው።

ሻጭ ዘንድ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ ሳይሆን «መቼ ገባ?» ነው። ገና 14 ቀን ካልሞላው ቀብድ ከፍላችሁ እዚያው ተዉት። ከዱር የመጣ ዓሣ በብዛት የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ ቤት ያሳለፈ ዓሣ ጥቂት ብር ቢጨመርበትም ርካሽ ነው። ቀጥሎ ሻጩ ፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁ። ምግብ ሲጣል ዘሎ የማይመጣ፣ ወይም አፉ አስገብቶ የሚተፋ መንጋ ገና አላገገመም።

ሆዱ የገባ፣ ጀርባው እንደ ስለት የሳሳ፣ ክንፉን ሰብስቦ የያዘ፣ ከመንጋው ተለይቶ ጥግ የቆመ፣ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ የሚመታ፣ ነጭ ነጥብ ወይም አፉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ያለበት ዓሣ ካያችሁ፣ እሱን ትታችሁ ሌሎቹን መምረጥ ዋጋ የለውም። አንድ ውሃ የሚጠጣ መንጋ አንድ በሽታ አለው። ቀለሙ መደብዘዙ ብቻውን ግን ምልክት አይደለም። ካርዲናል ጨለማ ውስጥ ሲያድር ሰማያዊውን ያጠፋል፤ መብራት በበራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል።

በእርባታ የተፈለፈለ ካርዲናልም ገበያ ላይ አለ፤ ከቼክና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ይመጣል። ሳጥኑ ከማናውስ ወይም ከቦጎታ የተነሣ ከሆነ የዱር ነው። በዓይን ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም፤ ሻጩ መነሻውን ካላወቀ የዱር ነው ብላችሁ ተቀበሉት። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ለማይችል ሰው የእርባታው ይሻላል ብለን በግልጽ እንናገራለን፤ መጠነኛ ጠንካራ ውሃን ይችላል፣ ደረቅ ምግብም ከመጀመሪያው ቀን ይበላል። ከሚመስለው ዓሣ ከኒዮን ቴትራ ጋር እንዳይምታታባችሁ ቀዩን መስመር እዩ፦ ካርዲናል ላይ ከራስ እስከ ጅራት ይዘልቃል፣ ኒዮን ላይ ከወገብ በኋላ ብቻ ነው። ኒዮን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ 22 ዲግሪ ይበቃዋል። ደሴ ላይ ለሚጀምር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመለያየታችሁ በፊት የሻጩን ውሃ ፒኤች፣ ሙቀትና ቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ሁሉ መጠን) ጽፋችሁ ያዙ። ቲዲኤስ መለኪያ እስክሪብቶ የምታክል ዕቃ ናት፤ ለዚህ ዓሣ ከሚገዛ ነገር ሁሉ የምትቀድም እሷ ናት።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ለዓሣ ከባድ ነው። ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን በብርድ አልፎ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ ወደ ሙቀት ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። ፌስታሉ ያለ ፎም ሳጥን ከተጫነ ውሃው በአንድ ቀን ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ሞቆ፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ክዳን ያለው ፎም ሳጥን ግዴታ ነው። ፌስታሉ ድርብ ይሁን፤ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው ኦክስጅን። ለ2 ሊትር ውሃ 10 ትንንሽ ዓሣ ይበቃል። ፌስታሉ እንደ ኳስ ተወጥሮ እንዳይታሰር፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ እዚያ ሲሳሳ ፌስታሉ ይነፋል። ሻጩ ከመጫኑ በፊት 24 ሰዓት አይመግባቸው፤ ባዶ ሆድ ማለት ንጹሕ ውሃ ማለት ነው። ሳጥኑ ሞተር አጠገብ አይቀመጥ። ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ማስላክ ከተቻለ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ሲደርስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረጅም መንገድ በመጣ ፌስታል ውስጥ ዓሣው ያስወጣው አሞኒያ ተጠራቅሟል። የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ፒኤቹን ስላወረደው አሞኒያው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ተይዟል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤች ይነሣል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። እንግዲህ ፌስታሉን ከፍቶ ለአንድ ሰዓት የገንዳውን ውሃ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ማለማመድ ለረጅም ጉዞ አይሆንም። እንዲህ አድርጉ፦ መብራቱን አጥፉ፤ ፌስታሉን እንደታሰረ ለ20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉት፤ ክፈቱና ወዲያው በመረብ ላይ ባልዲ ውስጥ አፍስሱት፤ ዓሣውን ወደ ገንዳው፣ የፌስታሉን ውሃ ወደ ውጭ። ይህ የሚሠራው የገንዳው ቲዲኤስ አስቀድሞ ከሻጩ ውሃ ጋር ተቀራርቦ ከተዘጋጀ ነው፤ ልዩነቱ ከ50 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ በሁለትና ሦስት ሳምንት የውሃ ለውጥ ወደ ራሳችሁ ውሃ ታመጡታላችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚመጣ ዓሣ ግን ጉዞው አጭር ነው፣ አሞኒያ አይጠራቀምም፤ እዚያ የአንድ ሰዓት ጠብታ ይመረጣል።

ውሃው

ከባዛልት ዐለት ሥር የሚወጣ ውሃ ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ ፒኤቹም ከ7 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የራሳችሁን ቧንቧ ለኩ፤ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል፣ ክረምትና በጋም ይለያያል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ሐይቅ ውሃ ቀድቶ መጠቀም ለሚያስብ ግን መልሱ አይሆንም ነው፦ ሐይቁ ጨዋማ አይሁን እንጂ አልካላይን ነው፣ ለቆሮሶ ይስማማል፣ ለካርዲናል ተቃራኒው ነው።

የወሎ ትልቁ ጸጋ ክረምቱ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ማዕድን የሌለበት ውሃ በነጻ ይሰጣል፤ በልግ ከጣለም የካቲትና መጋቢት ላይ መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የወረደውን አትጠቀሙ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ የዝናብ ውሃ ለስላሳና ትንሽ አሲዳማ ስለሆነ ዚንኩን ያሟሟዋል፣ ዚንክ ደግሞ ለስላሳ ውሃ ውስጥ ለዓሣ ይበልጥ መርዝ ነው። ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ የባሰ ነው። ንጹሕ ላስቲክ በአራት እንጨት ወጥራችሁ መሐሉን አርግባችሁ በቀጥታ ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያውን የ15 ደቂቃ ዝናብ ድፉት፤ አቧራና ጭስ ያጠበው እሱ ነው። በርሜሉን ክደኑት፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ክዳኑ ለውሃው ብቻ አይደለም፦ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያልተከደነ በርሜል የወባ ትንኝ ማራቢያ ነው።

ድብልቁ ቀላል ሒሳብ ነው። የቧንቧው ጂኤች (የውሃ ጥንካሬ፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን) 12 ከሆነና ሁለት እጅ ዝናብ ከአንድ እጅ ቧንቧ ጋር ከተቀላቀለ 4 ይሆናል። የተለያዩ ዓሦች አብረው ለሚኖሩበት አኳሪየም የምንፈልገው ጂኤች ከ2 እስከ 6፣ ኬኤች (ፒኤች እንዳይወድቅ የሚይዘው የባይካርቦኔት መጠን) ከ1 እስከ 3፣ ፒኤች ከ6 እስከ 6.8፣ ቲዲኤስ ከ150 በታች፣ ሙቀት ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ሪዮ ኔግሮ 4.5 ስለሆነ እኛም ወደ 4.5 እናውርደው ማለት ስሕተት ነው። ፒኤች ከ6 ሲወርድ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይቀንሳሉ፣ ኬኤች ዜሮ ሲሆን ደግሞ ፒኤች በአንድ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል። ንጹሕ ዝናብ ብቻውን የማይሞላውም ለዚህ ነው።

ክሎሪን አትርሱ። ቤት ውስጥ ለመጠጥ «ውሃ አጋር» (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) የተጨመረበት ጀሪካን ለዓሣ እንዳይቀዳ ለቤተሰቡ ሁሉ መነገር አለበት። የቧንቧውን ውሃ ኤር ፓምፕ ሰድዳችሁ 24 ሰዓት ብታሳድሩት ክሎሪኑ ይወጣል። ክሎሪን የሚያጠፋው ሲኬም ፕራይም የሚባል ፈሳሽ ካላችሁ 5 ሚሊ ሊትር ለ200 ሊትር ይበቃል፤ ለ10 ሊትር ባልዲ ሩብ ሚሊ ሊትር ነው፣ በመርፌ ሲሪንጅ ይለካል።

ለቀለምና ለታኒን (ውሃውን እንደ ሻይ የሚያጠቁረው የቅጠል ንጥረ ነገር) የሕንድ አልመንድ ቅጠል ካልተገኘ በራሱ ደርቆ የረገፈ የዘይቱን ቅጠል ይሠራል፤ ከሚሴና ቃሉ አካባቢ አይጠፋም። ለ100 ሊትር አምስት ስድስት ቅጠል፣ አጥባችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅላችሁ። ጸረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ አጠገብ አትልቀሙ። ባሕር ዛፍ ደሴን ቢከባትም ቅጠሉ ዘይት አለው፣ አይገባም፤ የጥድ እንጨትም ሙጫ አለው። ድንጋይ ስትመርጡ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ ከፈላ ኖራ አለው፣ ውሃውን ያጠነክራል።

ሙቀትና አየር፣ በተለይ ለደሴ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፦ 26 ዲግሪ ውሃ በባሕር ወለል 8 ሚሊ ግራም በሊትር ሲይዝ ደሴ ላይ ወደ 6 ነው። ውጭ አገር የተጻፈ የአኳሪየም ምክር ይህን አያውቅም። «100 ሊትር 30 ዓሣ ይይዛል» የሚለውን ስታነቡ ደሴ ላይ ወደ 20 አውርዱት። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) የውሃውን ፊት የሚያናውጥ ይሁን፤ በኤር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር ለዚህ ዓሣ ከሁሉም ይሻላል። ርካሽ ነው፣ አየር ይሰጣል፣ ትንሽ ዓሣ አይመጥም። ስፖንጁን በየሁለት ሳምንቱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ጨምቁት፤ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል።

ሂተር ላይ ኮምቦልቻና ደሴ ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ላይ ለ100 ሊትር 100 ዋት ይበቃል። ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉን ወደ 14 ዲግሪ ስለሚያወርደው ውሃው 12 ዲግሪ መነሣት አለበት፤ 200 ዋት ያስፈልጋል። አንድ ባለ 200 ሳይሆን ሁለት ባለ 100 ግዙ። የርካሽ ሂተር የተለመደ ብልሽት በርቶ መቅረት ነው፤ ባለ 200ው በርቶ ከቀረ ዓሣውን ይቀቅላል፣ ባለ 100ው ግን ጊዜ ይሰጣችኋል። አንዱ ቢሞትም ሌላው ያቆየዋል። በአማካኝ ከቀኑ 24 ሰዓት ግማሹን ከሠሩ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ። ክዳን፣ ከሥርና ከኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ፎም መለጠፍ ወጪውን በሚታይ መጠን ይቀንሰዋል።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው፣ ሙቀቱ ይቆያል። በፓወር ባንክ የሚሠራ የዩኤስቢ ኤር ፓምፕ መሳቢያ ውስጥ ይኑር። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ዘግታችሁ ማንሳፈፍ ትችላላችሁ፣ 1 ሊትር የፈላ ውሃ 100 ሊትሩን በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያነሣዋል። በዚያን ሰዓት አትመግቡ።

በየሳምንቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ውሃ ሲለወጥ የደሴ የጧት ውሃ በርዶ መግባት የለበትም። 15 ዲግሪ ውሃ 8 ሊትር ተኩል ላይ የፈላ 1 ሊትር ተኩል ጨምሩ፤ 10 ሊትር 26 ዲግሪ ይሆናል። አማስሉና በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ለይቶ ማቆየት

አራት ሳምንት፣ ያለ ድርድር። 40 ሊትር ባዶ ገንዳ፣ ከዋናው አኳሪየም የተወሰደ ስፖንጅ፣ ሂተር፣ ሁለት ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ሦስት ጎኑ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸውን በፈሳሽ መለኪያ እዩ። መለኪያው ኤፒአይ ማስተር ኪት የሚባለው ከሆነ የናይትሬቱን ሁለተኛ ጠርሙስ 30 ሰከንድ አጥብቃችሁ ሳትነቀንቁ ውጤቱን አትመኑ፤ ዱቄቱ ሥር ስለሚቀር ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል።

ነጭ ነጥብ ከታየ ሙቀቱን በሁለት ቀን ቀስ እያላችሁ ወደ 30 አውጡ፤ ካርዲናል ይችለዋል። ደሴ ላይ ግን 30 ዲግሪ ውሃ 5.6 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ብቻ ስለሚይዝ ሁለተኛ የአየር ድንጋይ ሳይጨመር አይሞከርም። ማላካይት ግሪን ያለበት መድኃኒት ለቴትራ በግማሽ መጠን ይጀመራል።

እየበላ ለሚከሳ፣ ወይም ፊንጢጣው ላይ ቀይ ክር ለሚታይበት ዓሣ ሌቫሚዞል ነው መድኃኒቱ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ለበግና ለፍየል ይሸጣል። መጠኑ 2 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ማለትም ለ40 ሊትር 80 ሚሊ ግራም፣ ለ24 ሰዓት፣ በጨለማ። ከዚያ ወለሉን በጎማ መጥጣችሁ ግማሹን ውሃ ለውጡ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ማሸጊያውን በደንብ አንብቡ፦ ኦክሲክሎዛናይድ የተቀላቀለበት አይሆንም። ቴትራሚዞል የሚል ከሆነ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ስለሆነ መጠኑ እጥፍ ነው።

ጡንቻው ላይ ነጭ ንጣፍ ወጥቶ ወገቡ የሚጣመም ዓሣ ግን የኒዮን በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ቶሎ አውጡት፤ ሌሎቹ ሬሳውን ከበሉ ይተላለፋል።

ምግብ በመጀመሪያው ሳምንት ሕይወት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከዱር የመጣ ዓሣ ደረቅ ቅጠል የመሰለውን ነገር ምግብ ነው ብሎ አያውቀውም። አርቴሚያ (የደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ እንቁላል) በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው፣ በ27 ዲግሪ፣ አየር እየተሰደደለት በአንድ ቀን ይፈለፈላል። በጨርቅ አጥልላችሁ፣ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ስጡ። በየቀኑ በጥቂቱ የተፈጨ ደረቅ ምግብ እየቀላቀላችሁ ታስለምዱታላችሁ።

ጎረቤት

ከ12 በታች አትግዙ። ጥቂት ካርዲናል ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይውላል፣ ይደነግጣል፣ ይከሳል። ገንዳው ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ከላይ ተንሳፋፊ ተክል ያለው ይሁን። ወለል ላይ የሚኖረው ኮሪዶራስ ስቴርባይ የሚባል ዓሣ ሙቀቱን ስለሚችል ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ፔንስልፊሽና ሃቸትፊሽ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦችም ከዚያው ዓይነት ውሃ የሚመጡ ናቸው። ገንዳው ስድስት ወር ከሞላው አልጌ የሚበላውን ትንሹን ኦቶሲንክለስ መጨመር ይቻላል። ጉፒ፣ ሞሊና ሶርድቴል ጠንካራ ውሃ ይፈልጋሉ፤ አንዱን ካስደሰታችሁ ሌላው ይታመማል። ታይገር ባርብ ክንፍ ይነጫል። ኤንጀልፊሽ ትንሽ ሳለ ይስማማል፣ ሲያድግ ግን ካርዲናልን ይውጣል፤ በወንዙም ቴትራ ይበላል። ሻጭ ሁለቱን አንድ ገንዳ ውስጥ አድርጎ ቢያሳያችሁ እንዳትታለሉ።

ጊዜው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። በርሜሉ ሞልቷል፣ የኅዳር ብርድ አልገባም፣ የጣርማ በር ሌሊትም ገና አልከፋም። ጥር ላይ ለማዘዝ የተገደደ ሰው ሳጥኑን በቀን በሚጓዝ መኪና ያስጭን፣ የተቀባይ ገንዳውንም ከሁለት ቀን በፊት 26 ዲግሪ ላይ አድርሶ ይጠብቅ።